ትንሹን አሳልፈው?

ልጄ የመጀመሪያዋን አጋዘን ልትመታ ስትል «ተይው፣ ይለፍ» ያልኳት እኔ ነኝ።

አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ያለችኝ ጫካ 28 ኤከር (11 ሄክታር ገደማ) ናት፤ አቋርጦ ለመውጣት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እዚያች ላይ «በእያንዳንዱ ቀንዱ አራት ቅርንጫፍ ያላወጣ ወንድ አይነካም» የሚል ደንብ አውጥቼ ነበር። ያኔ ልጄ 13 ዓመቷ ነበር። ማማው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ ቀንዱ ሁለት ሁለት ብቻ የሆነ አንድ ወጣት ወንድ 40 ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። የግራ ጆሮው ጫፍ ተቀዷል። ትንፋሿን ይዛ አየችኝ፤ ጠመንጃውን አውርጂ አልኳት። እስከ ማታ አላናገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጆሮው የተቀደደ አጋዘን ጎረቤታችን ግቢ ተሰቅሎ አየሁት። የመታው የሽማግሌው ጎረቤታችን የልጅ ልጅ ነው፣ 12 ዓመቱ። አንድም ሕግ አልተጣሰም። ግዛቱ ከ2002 ጀምሮ ትልልቅ አዳኞችን በአብዛኛው ቦታ በአንድ ወገን ቢያንስ ሦስት ቅርንጫፍ እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ ለልጆች ግን ሁለት ይበቃል። ሕጉ ለልጄ የተወላትን ዕድል የነጠቅኳት እኔ ነበርኩ።

ወጣት ወንዶችን ትልቅ ቀንድ እስኪያወጡ እያሳለፉ መርጦ የማደን ሐሳብ ስሕተት ነው እያልኩ አይደለም። በ1970ዎቹ ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ፣ በሺዎች በሚቆጠር ኤከር ከብት አርቢዎች መሬት ላይ ሲጀመር በደንብ ያስኬድ ነበር። ወንዱ ቀንዱን ጨርሶ የሚያሳድገው ከአምስት ዓመት በኋላ ነውና እዚያ ዛሬ ያሳለፍከውን ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ልታገኘው ትችላለህ። የእኔ ግን? አንድ ጎልማሳ ወንድ በዓመት ውስጥ የሚዘዋወርበት ስፍራ ብዙ ጊዜ 640 ኤከርና ከዚያም በላይ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ብዙዎቹ አንድ ዓመት ሲሞላቸው የተወለዱበትን ጥለው ኪሎ ሜትሮች ይርቃሉ። እኔ የማሳልፈው ለጎረቤት ነው፣ ጎረቤትም የሚያሳልፈው ለእኔ። ቢያንስ አምስትና ስድስት ባለመሬት ተስማምቶ አንድ ላይ ካልያዘው ደንቤ ከአጥሬ አያልፍም።

«ቀንደ መጥፎውን እየመታህ ዘሩን አጥራ» የሚሉኝም አሉ። ይህንን በፍጹም አልቀበልም። ግማሹ ዘር ከእናቲቱ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀንድ የላትም፣ ምን ዓይነት እንደምታወርስ አይታይም። ቴክሳስ ውስጥ ለዓመታት በብዛት እየመረጡ ቢገድሉም የተረፉት ቀንድ አልተሻሻለም።

ሴት አጋዘኖቹን መቀነስ ግን ለእኔ መሬት እውነተኛ ሥራ ነው። ሰው ደረት ድረስ ያለውን ቅጠል ሁሉ ግጠውታል፤ አንድም የኦክ ችግኝ አያድግም። እዚህም ላይ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። ሊመሽ ሲል ብቻዋን የወጣች ሴት መሰለችኝና ተኮስኩ። ሄጄ ግንባሯን ስዳስስ ከፀጉሩ ሥር የጣት ጫፍ የሚያህሉ ሁለት ጉብታዎች አገኘሁ። ወንድ ግልገል ነበር። እድገት እጠብቃለሁ የምል ሰው የስድስት ወር ወንድ ገደልኩ። አሁን ብቻውን የመጣ፣ አፍንጫው አጭር፣ ገላው እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነ ካየሁ አልተኩስም፤ የሚያነጻጽሩት ትልቅ ሴት አጠገቡ እስክትቆም እጠብቃለሁ።

ለጎረቤታችን ይህንኑ ብቻ ለመንኳቸው። ቀንዱን ትተን ግልገሎቹን እንጠብቅ አልኳቸው። «እሱማ ይሻላል» አሉኝ። እሳቸው ለማደን የሚመቻቸው ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ለክረምት ሥጋ ይፈልጋሉ። እንዲህ ላለ ሰው ስምንት ቅርንጫፍ ጠብቅ ማለት አትደን ማለት ነው። እኔ ወሩን ሙሉ መውጣት ስለምችል የቀንዱን ደንብ ለራሴ ብቻ ይዤዋለሁ።

በቀጣዩ ዓመት እዚያው ማማ ላይ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ሌላ ወንድ መጣ።

«አባዬ፣ ይሄኛውስ?»

«የአንቺ ነው።»

ቆይታ፣ አነጣጥራ፣ አንዴ ብቻ ተኮሰች። ከገፈፍነው በኋላ መንጋጋውን ከፈትኩላትና ዕድሜውን የሚናገረውን ሦስተኛውን የመንጋጋ ጥርስ በጣቷ ነካች። ሦስት ጉብታ ያለው የወተት ጥርስ ነበር፤ ይነቃነቃል፣ ከሥሩ አዲሱ ብቅ እያለ ነው። «አንድ ዓመት ተኩል» አለች፣ እጇን ሳታወጣ።