ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ፊሽካ መንፋት

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቅርጫት ኳስ የሚያጫውት ዳኛ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አጥብቆ ይያዝ። ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ሰውነት አልተፍታታም፣ ሜዳው ሲሚንቶ ነው። እግር ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ በቁመቱ ተመርጦ ገብቷል። ኳስ ሊመታ እጁን ከላይ ወደ ታች ሲያወርድ የሚያገኘው የተጋጣሚውን ክንድ ነው። ከዳር ያለው ሰው "ሆን ብሎ እኮ አይደለም፣ ለጨዋታው አዲስ ነው!" ይላል። ያልተነካ ግልግል ያውቃል።

ዳኛ ንስሐ አባት አይደለም፤ ልብ አይመረምርም። የሚያየው ንክኪው ምን እንዳስከተለ ነው። ኳስ የያዘው ሚዛኑን ሳተ ወይ? ፍጥነቱ ተቀነሰ? ውርወራው ተበላሸ? ከሆነ ይነፋል፤ ምንም ካልጎደለበት ጨዋታው ይቀጥላል። ኢ-ስፖርታዊ ፋውልም የሚለካው በድርጊቱ ነው። ኳሱን ለማግኘት ሞክሮም ቢሆን ንክኪው ከልክ ያለፈ ከሆነ፣ ጀማሪ መሆኑ አያድነውም። ቅጣቱ ነፃ ውርወራና ኳስ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተነፋበት ከጨዋታ ይወጣል።

ለጀማሪ ማዘን የሚመስለው ዝምታ ብዙ ጊዜ ጠብ ያመጣል። የመጀመሪያው የክንድ ምት ሲታለፍ የተመታው ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ በሦስተኛው ራሱ ይመልሳል። ዳኛው የሚያየው ደግሞ መልሱን ነው። ስለዚህ በ1ኛው ደቂቃ የተነፋው በ39ኛውም ይነፋ፤ አምስት ፋውል የሞላበት ይውጣ። ያንን ልጅ አስቀምጦ ማሳረፍ የአሰልጣኙ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የክንድ ምት አይደለም። ዘሎ የወረወረ ተጫዋች ወደተነሣበት ቦታ መልሶ የማረፍ መብት አለው። ጀማሪ ተከላካይ ውርወራ ሊያግድ ሲሮጥ መቆም ያቅተውና እግሩን ወርዋሪው ከሚያርፍበት ሥር ያገባል፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚህ ላይ ነው፣ ሲሚንቶ ደግሞ አይምርም። ኳሱን እያዩ ወደ ቅርጫቱ ማንጋጠጥ የብዙ ዳኞች ልማድ ነው። ሁለት ዳኞች ካላችሁ ከኋላ ያለው የወርዋሪው ሁለት እግሮች መሬት እስኪነኩ ዓይኑን አይንቀል፤ ከቅርጫቱ ሥር ያለው ሪባውንድ (ሳይገባ ነጥሮ የተመለሰ ኳስ) የሚሻሙትን ይጠብቅ፤ ከጀርባ መገፋፋቱ ያለው እዚያ ነው።

ሌላው ስሕተት ወዲህ ነው። "ይሄ ልጅ ይማታል" ብሎ ቀድሞ የፈረደ ዳኛ ሦስት ሰው በተደባለቀበት ሁሉ ፊሽካውን የሚያወርደው በእሱ ላይ ነው። አንዱን ሁኔታ ቀረብ ብለን እንየው። ረጅሙ ልጅ ከቅርጫቱ ሥር ቆሟል፣ ሁለት እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ዘርግቷል፣ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀልጣፋው ኳሱን እያነጠረ ይመጣና ደረቱ ላይ ዘሎ ይወድቃል፣ ይጮኻል፣ ተመልካቹም አብሮ ይጮኻል። ረጅሙ ጥፋት የለበትም። ከእግሩ በላይ ያለው ቀጥተኛ ቦታ የራሱ ነው፤ በቆመበት ቀጥ ብሎ ቢዘልም ያው ነው። እጁ ወደ ፊት ከተጋደመ ግን ነገሩ ይለወጣል። መፍትሔው ከኳሱ በፊት ተከላካዩን ማየት ነው፤ ግጭቱ ሲጀመር ያላያችሁትን ድምፁን ሰምታችሁ አትንፉ። ሳይነካ የሚወድቀውም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፣ ሲደገም ቴክኒክ ፋውል (የጠባይ ጥፋት) ነው። በእኔ ግምት በትምህርት ቤት ውድድሮች ከሚማታው ይልቅ የሚያስመስለው ሳይቀጣ ያመልጣል።

ንግግር ፊሽካ ያተርፋል፤ ግን አጭር ይሁን። "እጅ!"፣ "ከቀለሙ ውጣ!"፣ "አትግፋ!" ይበቃል፤ ቀለሙ ከቅርጫቱ ሥር የተከለለው ቦታ ነው። ለአንዱ ቡድን ከተባለ ለሌላውም ይባል። "ስትከላከል ጉልበትህን እጠፍ" ማለት ግን ማሠልጠን ነው፤ ተጋጣሚው አሰልጣኝ ቢቆጣ እውነት አለው። ኳስ ይዞ በመሮጥና በሦስት ሰከንድ (በተጋጣሚ ቀለም ውስጥ ከዚያ በላይ በመቆየት) ላይ ማዘን አይጠቅምም፤ ልጁ ለምን እንደተነፋበት እንዲገባው ምልክቱን ቀስ ብሎ ማሳየት ይሻላል።

በየወረዳው ውድድር በጣም የሚያስቸግረው ቁጥር ነው። ማሊያ ተበዳድረው ይመጣሉ፣ በፕላስተር የተለጠፈው 1 ላብ ሲነካው ይላቀቅና 14 ቁጥር 4 ሆኖ ይመዘገባል፤ አምስተኛው ፋውል ያላጠፋው ልጅ ላይ ይወድቃል። ሩጫ ላይ ሆናችሁ ቁጥር አታሳዩ። ጠረጴዛው ፊት ቁሙ፣ ቁጥሩን፣ የፋውሉን ዓይነት፣ ቅጣቱን በዚህ ተራ አሳዩ፤ መዝጋቢው ቁጥሩን ደግሞ እስኪጠራ ድረስ አትነቃነቁ። የቡድን ፋውል አራት ሲሞላ የሚቆም ቀይ ምልክት ከሌለ ቀይ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ሁለት ነፃ ውርወራ መሆኑን ሁለቱም አሰልጣኞች ከጨዋታው በፊት ይስሙ።