ድሬዳዋ ላይ የቲዩብ አምፕ ሠርታችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ፣ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት

ጊታር ለሚጫወቱ ልጆች የቲዩብ አምፕ፣ ማለትም በትራንዚስተር ፈንታ በብርጭቆ ቲዩብ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ፣ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ሥራው ራሱ ብዙም አያስቸግርም። ላሜራ ታስቆርጣላችሁ፣ ሳጥኑን አናጢ ከዋንዛ ይሠራላችኋል፣ ቲዩቡን ከውጭ የሚመጣ ሰው በሻንጣው ይይዝላችኋል። ሰርኪዩቱም ምስጢር የለውም። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ የፌንደር ቻምፕ፣ የአሜሪካኖቹ ትንሽ አምፕ ነው፦ ሦስት ቲዩብ (አንድ 12ኤኤክስ7፣ አንድ 6ቪ6፣ አንድ 5ዋይ3)፣ አንድ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ 5 ዋት ገደማ።

«ኮፒ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይሁን። ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ አምፕ አምራች ጂም ማርሻልም እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን አምፕ ያሠራው ቤዝማን የተባለውን የፌንደር አምፕ ሰርኪዩት ይዞ ነው። ስፒከሮቹን ዝግ ሳጥን ውስጥ ከተተ፣ አንዳንድ ዕቃ ቀያየረ፣ ሌላ ድምፅ ወጣው። ከየት እንዳመጣችሁት እስከተናገራችሁ ድረስ መቅዳት ነውር አይደለም ባይ ነኝ።

እኔን ያቃጠለኝ ዋጋው ነው። ለአነስተኛ አምራቾች በተሰጠ ስልጠና ላይ አሰልጣኙ «ገበያ ውጡ፣ ተመሳሳይ ዕቃ በስንት እንደሚሸጥ እዩ፣ ከዚያ ትንሽ ቀንሱ» አለን። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወጣሁ። «ተመሳሳይ» የሚባለው ከቻይና የገባ የትራንዚስተር አምፕ ነው። ከሱ ቀንሼ ብሸጥ የትራንስፎርመሬን ወጪ እንኳ አይመልስም። ይህንኑ ስነግረው «እንግዲያው ዕቃህ ገበያ የለውም ማለት ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ሰርግ ላይ የሚጫወት የከዚራ ልጅ አምፕ ተሸክሞ መጣ። «አቦ፣ ይሄ ያንተ አምፕ ድምፁ ታፈነ» አለኝ። የኔ አልነበረም። ስከፍተው ግን የሽቦው አጣጣል ቁርጥ የኔ ነው። ቀይ ሽቦ ያለቀብኝ ጊዜ በቢጫ ያስኬድኩት መስመር ነበር፤ እሱም ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ተቀድቷል! ለጥገና የገባለትን የኔን አምፕ ፎቶ ያነሳ ጠጋኝ ሠርቶ በግማሽ ዋጋ ሸጦለታል።

ግማሹ ከየት እንደተቀነሰ ልንገራችሁ። ፊውዝ የለውም። ሶኬቱ ባለሁለት እግር ነው፣ ኧርዝ (የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም፤ የጊታር ክር ደግሞ ብረት ነው፣ በድሬ ሙቀት የተጫዋቹ እጅ ሁልጊዜ በላብ እንደራሰ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ላይ የማደርጋት ማፍሰሻ ሬዚስተር የለችም፤ ከ300 ቮልት በላይ አምፑ ከጠፋም በኋላ እዚያው ተቀምጦ የሚከፍተውን ሰው ሊጠብቅ ይችላል። መጨረሻ ላይ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ትራንስፎርመር ፈታሁት። እንዲህ ስፒከሩን በአንድ ቲዩብ ብቻ በሚገፋ አምፕ የትራንስፎርመሩ ኮር (የብረት እምብርቱ) ውስጥ በወረቀት የተጠበቀ ክፍተት መኖር አለበት፤ አለዚያ በጥቅልሉ ሳያቋርጥ የሚያልፈው ዲሲ (ባንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ኮሩን በማግኔት ይሞላውና ወፍራሙ ድምፅ ይታፈናል። የዚህኛው ኮር የብረት ቅጠሎች እርስ በርስ ተሰካክተዋል፣ ክፍተት የሚባል የለም። ፎቶ ላይ አይታይማ!

ልጁ «ታዲያ ያንተ ለምን እጥፍ ሆነ?» ሲለኝ ሁለቱን ከፍቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ገዢ ሳጥኑን ሳልከፍት ዋጋ አልጠራም።

ስሌቴ ይህ ነው፦ የዕቃው ወጪ፣ እዚሁ ከተማ አንድ ቴክኒሻን በቀን የሚያገኘው የእጅ ዋጋ፣ በላዩ የአንድ መለዋወጫ ቲዩብ፤ በዋስትና መመለሱ አይቀርምና። የታይዋንን ዋጋ እርሱት። «በእጅ የተሠራ ነው» ብሎ ከዚህ በላይ የሚቆልለውንም ከዚያ ጠጋኝ ለይቼ አላየውም።

ያው አሰልጣኝ «የፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቡ» ይላል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራ አዲስ መሆን አለበት፤ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ሰርኪዩት በምን ሂሳብ አዲስ ይሆናል? ገንዘብ ካላችሁ ስማችሁን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቡ፤ ለዚያ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለላችሁ። ሰርኪዩቱን እንዳይቀዳ በኢፖክሲ የሚደፍኑም አሉ። ነገ ሲበላሽ ማን ይጠግነው?

የኔን ሰርኪዩት የፈለገ መጥቶ ፎቶ ያንሳ፣ ክፍተቱንም በስንት ወረቀት እንደምጠብቀው እነግረዋለሁ። ትራንስፎርመር የሚጠመዝዙልኝን የመጋላውን ጋሼ ስልክ ግን አልሰጥም። አሁንም ወረፋቸው ረጅም ነው።