ታንክ ተሽጦ የተሠራው ትምህርት ቤት፦ ከሬጆ ኤሚሊያ ጉዞዬ

አጸደ ሕፃናት የሚያስተምር ሰው አንድ ቀን በሕፃናት ትምህርት ቤቶቿ ስለምትታወቀው የጣሊያን ከተማ ስለ ሬጆ ኤሚሊያ መስማቱ አይቀርም። ሥልጠና ላይ ስሟ ይነሳል፣ ያማሩ ክፍሎች ፎቶ ይታያል። እኔም ለዓመታት የማውቃት በፎቶ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ከብዙ አገር ከተሰባሰቡ መምህራን ጋር ለጥናት ሄድኩ።

ከተማዋ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ በሚላኖና በቦሎኛ መካከል ናት። የፓርሚጃኖ አይብ አገር ነው። እኛን የተቀበለን የሎሪስ ማላጉዚ ዓለም አቀፍ ማዕከልም ድሮ የአይብ መጋዘን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ተከፈተ። ሬጆ ችልድረን የተባለው ድርጅት ከየአገሩ የሚመጣውን መምህር የሚያስተናግደው እዚህ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ታሪኩ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት እ.ኤ.አ. በ1945 የጸደይ ወራት፣ ቪላ ቼላ በምትባል መንደር የነበሩ ሰዎች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለመሥራት ተነሱ። ጀርመኖች ሲሸሹ ትተውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪኖችና ፈረሶች ሸጡ። ጡቡን ከፈረሱ ቤቶች ለቀሙ፣ አሸዋውን ከወንዝ አመጡ። ያኔ ወጣት መምህር የነበረው ማላጉዚ ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄደ። እውነት መሆኑን በዓይኑ ካየ በኋላ ሕይወቱን በሙሉ ለዚህ ሥራ ሰጠ። በ1963 ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን የመጀመሪያ የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈተ። ሴቶች ባይታገሉ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

እዚህ ላይ ልቤ ተነካ። ማላጉዚ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር የ15 ዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው። ያ ሥርዓት ልጆችን ያሳደገው ለትእዛዝ ነው፤ የታዘዙት ሰዎች አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ምን እንዳደረጉ እኛ እናውቃለን። የሬጆ ወላጆች ፋሺዝምን በቤታቸው አይተውታል። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚታዘዝ ሳይሆን የሚጠይቅ፣ የሚያስብ ልጅ ማሳደግ ፈለጉ። ያማሩትን ክፍሎች ከማየት በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ክፍሎቹ ስንገባ ፎቶ ማንሳት አልተፈቀደልንም። ልጆቹ ለእንግዳ የሚታዩ ዕቃ አይደሉምና ደስ አለኝ። በመሃል ፒያሳ የሚሉት ሰፊ ቦታ አለ፣ ክፍሎቹ ወደዚያ ይከፈታሉ። ርእሰ መምህር የለም። በአንድ ክፍል ሁለት መምህራን በእኩል ደረጃ ይሠራሉ። ከነሱ ጋር በሥነ ጥበብ የሠለጠነ ሰው አለ፤ ከልጆቹ ጋር ጭቃ፣ ቀለምና ሽቦ ይዞ ይውላል። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በምዝገባ ቅድሚያ አላቸው።

ግድግዳው ላይ ብዙ ቆየሁ። መምህራኑ ልጆች ሲሠሩ የተናገሩትን ቃል በቃል ይጽፋሉ፣ ከሥዕሉና ከፎቶው ጋር ይሰቅሉታል። ወላጅ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ቆሞ ያነባል። ስለ ጥላ የተወያዩ ልጆችን ንግግር አስተርጓሚዋ አነበበችልኝ። አንዱ ጥላው ማታ ማታ የት እንደሚያድር ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛዋ አይደለም ትላለች። መምህሯ አላረመቻቸውም። በማግስቱ ባትሪ አመጣችላቸው።

ከሁሉ የገረመኝ ወጥ ቤቱ ነው። ጓዳ ውስጥ የተደበቀ አይደለም፤ ልጆቹ ገብተው ዱቄት ያቦካሉ፣ ጠረጴዛ ያሰናዳሉ። ምግብ የምታበስለዋ ሴት ከመምህራኑ ጋር ስብሰባ ትቀመጣለች። አዲስ አበባ ያሉ የምገባ እናቶች ትዝ አሉኝ። በየቀኑ ልጆቻችንን ያበላሉ፣ የትኛው ልጅ ምግብ እንደሚተው ከኛ በላይ ያውቃሉ። ጠይቀናቸው ግን አናውቅም።

ሬሚዳ የሚባለውንም ቦታ አየሁ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከፋብሪካ የተረፈ ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ፕላስቲክና ቆርቆሮ እየሰበሰቡ ለትምህርት ቤቶች ያድላሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሲገባ እንግድነት አይሰማውም። የኛ ችግር የዕቃ አይደለም ያልኩት ያኔ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኔ በማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ከ50 በላይ ልጆች አሉ፤ መምህሯ አንድ ናት። ይህን ለአስተናጋጃችን ስነግራት ምክር አልሰጠችኝም። በዚህ አከበርኳት። የጠየቀችኝ ወላጆች ስንት ጊዜ እንደሚመጡ ነበር። እነሱ ጋ ወላጆች የሚመርጡት ምክር ቤት አለ፣ ማታ ማታ ይሰበሰባል፣ ከበጀት እስከ ትምህርቱ ይወያያል። ኒውስዊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1991 ዲያና የተባለውን ትምህርት ቤታቸውን ከዓለም ምርጦች ጋር ሲጽፈው ዓለም ጎረፈ። ወላጆቹ ግን ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት በየማታው ሲሰበሰቡ ኖረዋል።

እኛ ጋ ወላጅ የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። ሲመጣም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «መምህርት፣ ልጄ ኤቢሲዲ ጨረሰ ወይ?» አልፈርድባቸውም፤ ሌላ የሚጠይቁት ነገር አሳይተናቸው አናውቅም። አራት ዓመት የሆነው ልጅ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ፊደል ሲገለብጥ መዋሉ ግን ያሳዝነኛል።

ከተመለስኩ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር በትንሹ ጀመርን። መምህራኑ ተራ ገብተው በየቀኑ የጥቂት ልጆችን ንግግር ደብተር ላይ ይጽፋሉ። የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ማርፈድና ስለ ደንብ ልብስ ከመነጋገሩ በፊት ያ ደብተር ይነበባል። የምገባ እናቶችም ተጠርተዋል፤ እንመጣለን ብለዋል።