ዝም ብለህ ንገረኝ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ፕሮዲውሰር ደወለልኝ። «ያለ ቃል የሰው ሐሳብ የሚነበብበት የቲቪ ውድድር ልሠራ ነው፤ ከየት ልጀምር?» አለኝ። «ከአቅራቢው ትንፋሽ ጀምር» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እንግዲህ ለእሱም ለሌላውም ይሁን ብዬ ልጻፈው፤ እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የእኔ ጨዋታ ስሙ «ዝም ብለህ ንገረኝ» ነበር። ስሙን እስከዛሬ እወደዋለሁ፤ ሰምም ወርቅም አለው። ሐሳቡ የመጣው ከእናቴ ነው። እንግዳ ፊት አንድ ጊዜ ገልመጥ ካደረገችኝ «ዳቦውን አትንካ፣ ውጣ፣ በሩን ዝጋ» የሚሉ ሦስት ትእዛዞች ዓይኗ ላይ አነብ ነበር። ይሄ ችሎታ የሁላችንም ነው፣ ለምን ውድድር አይሆንም ብዬ ተነሳሁ።

ሕጉ ቀላል ነው። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ ባልና ሚስት ወይም እህትማማቾች፣ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ላኪ፣ ሌላው ተቀባይ። ለላኪው ካርድ ይሰጠዋል፤ «ዕቁብ ወጣልሽ»፣ «ልጅሽ ፈተና ወደቀ»፣ «አማትሽ ሳይነግሩሽ ሻንጣ ይዘው መጡ»፣ «ጎረቤት ቡና ጠራችሽ፤ መሄድ ግን አልፈለግሽም» ዓይነት። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ አፉን ዘግቶ፣ ለ20 ሴኮንድ ስሜቱን በፊቱ ብቻ ይልካል። ከዚያ አቅራቢው አራት አማራጮችን ያነባል፤ ተቀባዩ አንዱን ይመርጣል። 12 ዙር፤ ስድስት ያገኘ ያሸንፋል።

ስቱዲዮ ተከራየን፣ አናጺ ጠረጴዛ ሠራልን፣ ሦስት ካሜራ አቆምን፣ ተወዳዳሪ በማስታወቂያ ጠራን። በዚህ ላይ ምክር የለኝም፤ ማንም ይሠራዋል።

የሽልማት ፈቃድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የጻፍኩት ማመልከቻ ላይ «አእምሮ ማንበብ» የሚል ነበረበትና የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ጥንቆላ ነው ወይ አለችኝ። ወደ ሁለተኛው ክፍል መራችኝ። እዚያ ያለው ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ፣ «ተሸላሚው የሚሸለመው አውቆ ነው ወይስ ደርሶት?» አለኝ። እኔም በኩራት «ሁለቱም!» አልኩት። አትበሉ። ከደረሰው ዕጣ ነው፣ ዕጣ ከሆነ ሌላ ፈቃድ ነው፣ ሌላ ፈቃድ ከሆነ ሌላ ቢሮ ነው። በመጨረሻ የደብዳቤዬ ማኅተም ደብዝዟል ብሎ መለሰኝ። እስካሁን ስሙን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ግን ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ስደምር፣ ከአራት አማራጭ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመርጥ ሰው እንኳ ከ12ቱ ስድስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ18 አንድ ገደማ ሆኖ አገኘሁት። በየ18ቱ ጥንድ አንዱን ለምንም ልሸልም ነበር! ማሸነፊያውን ስምንት ሳደርገው ከሺህ ጥንድ ወደ ሦስት ወረደ። ሰውዬው የጠየቀኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። ማኅተሙን ግን ይቅር አልለውም።

ስፖንሰሩ ደግሞ «ውሸት መያዣ ዙር ጨምር» ብሎ ያዘኝ። ከፊት ውሸት መያዝ የሚባለው ነገር ለፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦንድ እና ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡትን ፍርድ ሰብስበው ሲያዩ፣ ሰው እውነትንና ውሸትን በትክክል የሚለየው 54 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሳንቲም ብወረውር 50 አገኛለሁ። እምቢ አልኩ፣ በዚህ አልጸጸትም።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

የመጀመሪያው ቀረጻ ቀን አራተኛ ጥንድ ሆነው የመጡት ሃምሳን የተሻገሩ ጋሼና ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሼ ከመገናኛ ፒያሳ መስመር ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የታክሲ ረዳት ናቸው። ባለቤታቸው ላኪ፣ እሳቸው ተቀባይ። ሴትየዋ እንደ ሥዕል ነበሩ፤ ካሜራ ፈርተው ፊታቸው ድርቅ ብሏል፣ ዕቁቡም አማትየዋም አንድ ዓይነት መልክ ናቸው። ጋሼ ግን መለሱ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ስምንተኛው ላይ ታዳሚው ቆመ። በ12 ዙር 11 አገኙ። ደግሞ እኮ ሚስታቸውን አያዩም! ጠረጴዛውን እያዩ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚመልሱት።

እኔ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኜ ላብ አጠመቀኝ። ለዚህ ሥራ ስዘጋጅ ያነበብኩት ሁሉ የማጭበርበር ታሪክ ነበር። በአሜሪካ በ1950ዎቹ አዘጋጆች ለተወዳዳሪ መልስ አስቀድመው ሰጥተው፣ ቻርልስ ቫን ዶረን እ.ኤ.አ. በ1959 ምክር ቤት ፊት ቀርቦ አመነ፤ በዓመቱ ነገሩ በሕግ ወንጀል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ ውስጥ አንድ የጦር ሻለቃ ሚሊዮን ፓውንድ ሲያሸንፍ በሳል ምልክት ተሰጥቶታል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ2003 ተፈረደበት። እኔም ሌባ ፍለጋ ወጣሁ። ቀረጻ አስቆምኩ። ጋሼን ጆሯቸውን አየን፣ ኪሳቸውን ፈተሽን፣ ኮታቸውን አስወለቅን፣ ስልካቸውን ወሰድን። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ምንም አልተገኘም።

«ጋሼ፣ እንዴት አወቁት?» አልኳቸው።

«ልጁ ይነግረኝ የለ እንዴ!» አሉኝ፣ በአገጫቸው አቅራቢውን እያመለከቱ።

በቃ። እኔና የስፖንሰሩ ተወካይ ተያየን። አመኑ አልን። አቅራቢው «ኧረ በእግዚአብሔር! ሰውዬውን አላውቃቸውም!» እያለ ይምላል፣ ማን ይስማው። የ60 ሺህ ብሩን ሽልማት ሰረዝኩ፣ ጥንዶቹን አሰናበትኩ። ለታዳሚው በማይክ «የቴክኒክ ችግር» አልኩ። ጋሼ አልተሳደቡም፣ አልለመኑም። ኮታቸውን ለበሱ፣ ሚስታቸውን በክንዳቸው ይዘው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት ከኤዲተሩ ጋር ቁጭ ብለን ካሴቱን ደጋግመን ስናይ ምንም አጣን። ኤዲተሩ ደክሞት ሥዕሉን አጥፍቶ ድምፁን ብቻ ለቀቀው። ያኔ ሰማሁት። አቅራቢው አማራጮቹን ሲያነብ፣ ትክክለኛው ላይ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል። «እህ» እንኳ አይባልም፤ ሽው ነው። እኛ አገር «አዎ» ለማለት አፍ መክፈት አያስፈልግም፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ ይበቃል። ልጁ ካርዱን ስለሚያውቅ፣ ራሱም ሳያውቀው፣ በየዙሩ «አዎ» እያለ ነበር። 12ቱንም ቆጠርን፤ ያልሳበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጋሼ የተሳሳቱት እሱን ነው።

«ልጁ ይነግረኝ የለ እንዴ» ያሉት ይሄንን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጫጫታ መሃል «ወራጅ አለ» ሳይባል ወራጁን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጨዋታዬ ለፈተነው ችሎታ ከእሳቸው የተሻለ ሰው ስቱዲዮዬ አልገባም፤ እኔ ደግሞ ኮታቸውን አስወለቅኳቸው።

ይባስ ብሎ ችግሩ ከመቶ ዓመት በፊት የተፈታ ነው። በርሊን ውስጥ ፎን ኦስተን የሚባል ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበረው። ሒሳብ ጠይቀውት በኮቴው መሬት እየመታ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1904 አጣሪ ኮሚሽን መጥቶ ማጭበርበር አላገኘም። በኋላ ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ መልሱን የማያውቅ ሰው እንዲጠይቀው ሲያደርግ ፈረሱ መልሱ ጠፋበት። ለካ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፣ ፈረሱም ያንን አይቶ ያቆማል። ጥናቱ በ1907 ታትሟል። የሌቦቹን ታሪክ ትቼ የፈረሱን ባነብ ኖሮ!

ስለዚህ ማንም የቲቪ አዋቂ «አቅራቢው ካርዱን ይያዝ፣ ጨዋታውን ይምራ» ቢላችሁ አትስሙ። አቅራቢው መልሱን አይወቅ። ካርዱ ታሽጎ ለላኪው በቀጥታ ይሰጥ፤ አማራጮቹን ያንን ካርድ ያላየ ሰው ቀድሞ ቀርጾ በድምፅ ማጉያ ይልቀቃቸው። መልሱን የሚያውቅ ከላኪው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም መስታወት ጀርባ ይቀመጥ። በቤቱ ለሚያየው ተመልካች በኤዲት ጊዜ ጻፉለት።

ታዳሚውም አይወቅ። እኛ መጀመሪያ ትልቅ ስክሪን ላይ እናሳያቸው ነበር፤ ተቀባዩ ጣቱን ወደተሳሳተው ሲያስጠጋ መቶ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። የአበሻ ታዳሚ ከንፈሩን እንዳይመጥጥ በሕግ መከልከል አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ። ስፖንሰሩ «ካላወቁ አያጨበጭቡም» ብሎ ተከራከረኝ። ተሳስቷል። የማያውቅ ታዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ቀዳዳውን ሁሉ ከደፈንን በኋላ ውጤቱ ወረደ። ብዙዎቹ አራትና አምስት ላይ ቆሙ። ሃያ ዓመት የተጋቡ ሰዎች ካሜራ ፊት ተፋጥጠው «ዕቁብ ነው?» «ኧረ አማትህ ናት!» ይባባላሉ። ለእኔ ይሄ ከምንም በላይ ያስቃል፤ ስፖንሰሩ ግን አሸናፊ ፈለገ። ስድስት ክፍል ከተላለፈ በኋላ ወጣ፣ እኛም ቆምን።

ጋሼን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ወር የፈጀብኝ ለመሄድ መድፈሩ ነው። መገናኛ ተራ ላይ ቆመው ሒሳብ ሲቆጥሩ አገኘኋቸው። ገና አፌን ሳልከፍት ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ይቅርታ ልትለኝ ነው የመጣኸው። ብሩን ግን አልያዝክም» አሉኝ።

አልያዝኩም ነበር። ድርጅቱ «ፋይሉ ተዘግቷል» ስላለኝ ከራሴ ኪስ ሠላሳ ሺውን ከፍያለሁ። ሠላሳው ይቀረኛል።