ባጃጅ የለመደ እጅ

ዘጠኝ ዓመት ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ ነድቻለሁ። ከለገሃሬ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ቀፊራ፣ ከቀፊራ ደግሞ ተሳፋሪው ወዳለኝ። አሁን የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቼ ባጃጇን ለታናሽ ወንድሜ አስረክቤያለሁ፤ እጄ ግን ሥራውን አልተወም። ግራ እጄ ማርሹን፣ ቀኝ እጄ ነዳጁን ሳላስበው ያገኙታል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ጥር ላይ ኬንያ የባሕር ዳርቻ የደረሰብኝ ነገር ከዚሁ ከለመደ እጄ የመጣ ስለሆነ ነው።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ስዊድን ነው። ስምንት ዓመት አልተያየንም ነበር። «እማን ባሕር ላሳያት፤ እናንተም ኑና እዚያ እንገናኝ» አለችና ትኬት ላከችልን። እማ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያረጀች ሴት ናት። ባቡሩ ከደጃችን ተነሥቶ ጅቡቲ ባሕር ላይ ሲደርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማ ኖራለች፤ ከዚያ የመጣ ዓሣ በልታለች፣ ከዚያ የመጣ ጨርቅ ለብሳለች። ባሕሩን ራሱን ግን አይታው አታውቅም። በመጀመሪያው ማለዳ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፣ ውኃውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና «እውነትም ጨው ነው» አለች። ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀምጣ እስከ ምሳ ድረስ ዝም ብላ አየችው።

ቦታው ዲያኒ ይባላል፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ነው። ከሞምባሳ ደሴት ለመሻገር ሊኮኒ ላይ ትልቅ ጀልባ አለ፤ መኪናውም፣ እግረኛውም፣ ጋሪ ገፊውም አንድ ላይ ይጫናል። አሸዋው ዱቄት የመሰለ ነጭ ነው። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ውኃው ውስጥ የኮራል ግንብ ስላለ ማዕበሉ እዚያ ይሰበርና ዳር የሚደርሰው ለዝቦ ነው። እማም ሳትፈራ የገባችው ለዚህ ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ የእኛዋ ባጃጅ አለች፤ እነሱ ቱክቱክ ይሏታል፣ የሚነዱትም በግራ በኩል ነው። ከዛፍ ዛፍ በገመድ የተዘረጋ መሰላል መንገዱን አቋርጦ አየሁና ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጉሬዛዎች በመኪና እንዳይገጩ የተሠራላቸው መሻገሪያ ነው አሉኝ። አቦ፣ ይህን የሰማሁ ቀን አገሩን ወደድኩት።

ኳድ ባይክ እንንዳ ያለችው ባለቤቴ ናት። ባለ አራት ጎማው ሞተር ማለት ነው፤ አስጎብኚ ከፊት እየመራ ሁለት ሰዓት ያህል በመንደርና በእርሻ መሐል ይዞራሉ። እህቴ ከእማ ጋር ቀረች። እኛ ከሌሎች አራት እንግዶች ጋር ሄድን።

አስጎብኚው አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ የዚያው አካባቢ የዲጎ ብሔረሰብ ሰው ነው። መጀመሪያ የነገረን ስለ ሞተሩ አልነበረም። «ባሕር ዳር አሸዋው ላይ አንነዳም» አለ። የባሕር ኤሊዎች ሌሊት ወጥተው እንቁላላቸውን የሚቀብሩት እዚያ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ለመፈልፈልም ሁለት ወር ያህል ይፈጅባቸዋል፤ ከላይ ጎማ ከሄደበት ግን አሸዋው ይጠቀጠቅና ጫጩቶቹ መውጣት ያቅታቸዋል። አንዱ እንግዳ ፎቶ ለመነሣት ብቻ ትንሽ እንንዳ ብሎ ለመነው። አስጎብኚው በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርጎ እምቢ አለ።

ቀጥሎ ከዚህ በፊት የነዳ ማን እንዳለ ጠየቀ። እጄን አወጣሁ። ባጃጅ፣ ዘጠኝ ዓመት አልኩት። ትከሻዬን ነካ አደረገኝና «እንግዲያው ዛሬ ከሁሉ በላይ ዓይኔን የምጥለው አንተ ላይ ነው» አለኝ። ቅር አለኝ። ከእነዚህ ሰዎች መሐል መሪ ይዞ የሚያውቀው እኔ ብቻ ስሆን!

ማሽኑን ልግለጽላችሁ፤ የሙያው ሰው ይገባዋልና። ማርሽና ፍሪሲዮን የለውም፣ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ነው። ፍሬኑ እንደ ብስክሌት በእጅ ይያዛል። ነዳጁ ግን ተጠምዝዞ አይሰጥም። ከቀኝ እጀታው ሥር እንደ ምላስ የወጣች ትንሽ ነገር አለች፣ እሷ በአውራ ጣት ትገፋለች። ጎማው ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ አለ። የባጃጅ ጎማ እንዲህ ቢለሰልስ ሳንውል ሳናድር ጎሚስታ ጋ ነው የምንሮጠው። የእሱ ግን ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ ባለ የአየር ግፊት ቢነፋ ይበቃዋል፤ አሸዋና ሥር ላይ ተኝቶ እንዲሄድ ነው። አንዷን ገመድ ከእጃችን አንጓ ጋር አሰረልን። ከወደቅን ገመዷ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋለች።

ከዚያ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አዞረን። መነሣት፣ መቆም፣ መታጠፍ፤ መነሣት፣ መቆም፣ መታጠፍ። እንግዶቹ ሰለቻቸው። እኔማ ከእነሱ ብሼ ነበር። ባለቤቴ ግን በዕድሜዋ ብስክሌት እንኳ ነድታ የማታውቅ ሴት፣ አስጎብኚው ያላትን ሁሉ አንድ በአንድ ትፈጽማለች። ሻሿን አፍና አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ የራስ ቁሯን አጥልቃ፣ ዓይኗን ከሰውዬው እጅ ላይ አልነቀለችም።

ወጣን። እሱ ከፊት፣ ረዳቱ ከኋላ፣ እኛ መሐል። መንገዱ ቀይ አቧራ ነው፤ ከፊቱ ካለው ሰው ርቀት ያልጠበቀ ሰው ምንም አያይም። የኮኮናት ዛፍ፣ የካሳቫ ማሳ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ የማያቅፈው ባኦባብ የሚባል ዛፍ። መንደር ስንደርስ አስጎብኚው መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁላችንም እንደ ሰው እርምጃ ቀስ እንላለን። ልጆች እየሮጡ እጃችንን ይመታሉ። ፍየሎቹ እንደ እኛ ድሬ የገንደ ቆሬ ሰፈር ፍየል ናቸው፣ ለማንም መንገድ አይለቁም።

ከሦስተኛው መንደር ወጥተን ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ መጣ። ፈጥኜ ደረስኩ። ያኔ የዘጠኝ ዓመቱ እጄ ሥራውን ጀመረ። ነዳጅ ለመቀነስ ቀኝ አንጓዬን ወደፊት ጠመዘዝኩ። እጀታው ግን የሚዞር አይደለም፤ አውራ ጣቴ ምላሷን ጭራሽ ገፋት። ሞተሩ ጮኸ። መሪውን ወደ ግራ አጠፍኩ፣ ማሽኑ ግን በቀጥታ ሄደ። የግራ ጎማዎቹ ከመሬት ሲነሡ ከሥሬ ተሰማኝ። በሁለት ጎማ ምን ያህል እንደሄድኩ አላውቅም፤ ተመልሶ ሲያርፍ ካሳቫ ማሳ ውስጥ ነበርኩ። ገመዷ ከእጄ አልተነቀለችም፣ እኔም አልወደቅሁም። ግን ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ለመውረድ አቃተኝ።

የማሳው ባለቤት አሮጊት ናቸው። ከጎጆአቸው ወጥተው መጡ። አስጎብኚው የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ «ሺካሞ» አላቸው። ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት ሰላምታ ነው። እሳቸውም «ማራሃባ» ብለው መለሱ። እኛስ ድሬና ሐረር መርሃባ እያልን አይደል ያደግነው? በዚያ ድንጋጤ መሐል ያችን ቃል ስሰማ ልቤ ረጋ። እኔም ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ የሰበርኩባቸውን ሁለት ግንድ ካሳቫ ከፈልኩ። መጀመሪያ የተመለከቱት ግን ማሳውን ሳይሆን እጄንና እግሬን ነው፤ ደምቼ እንደሆነ።

አስጎብኚው አልተቆጣኝም። ጥላ ሥር ወሰደኝና ማሽኑን ከኋላ አሳየኝ። እዚህ ላይ ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼ አብራችሁኝ ቁሙ። የባጃጅ የኋላ ጎማዎች መሐል ዲፈረንሻል አለ። ስንታጠፍ የውጪው ጎማ ረጅሙን፣ የውስጡ አጭሩን መንገድ ስለሚሄዱ በየራሳቸው ፍጥነት ይዞራሉ። ያ ኳድ ግን ዲፈረንሻል የለውም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘው እኩል ነው የሚዞሩት። ስለዚህ መሪው ቢታጠፍም ማሽኑ ወደፊት ይገፋል። በደንብ የሚታጠፈው የውስጡ ጎማ ክብደት ሲቀንስለትና ትንሽ ሲንሸራተት ነው። ለዚህ ነጂው ከወገቡ በላይ ወደሚታጠፍበት ያዘነብላል፣ ክብደቱን ደግሞ በውጪው እግሩ ላይ ይጥላል። ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ይጨርሳል፣ ኩርባው ውስጥ አይዝም። እኔ ባጃጅ ላይ እንደማደርገው እንደ ድንጋይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነበር።

«ሚስትህን እያት» አለኝ። እሷ ተመልሳ ያችን ኩርባ ስትዞር አየኋት፤ ቀስ ብላ ገባች፣ ትከሻዋን አዘነበለች፣ ወጣች። የሚያስቸግራት የቆየ ልማድ ስለሌለ የተባለችውን ብቻ ነው ያደረገችው።

የቀረውን መንገድ ከአስጎብኚው ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኜ ነዳሁ። ኪኖንዶ ጋ ደርሰን ሞተራችንን ሁላችንም አጠፋን። ካያ ኪኖንዶ የዲጎ ሰዎች ቅዱስ ደን ነው። ሞተር አይገባበትም፤ የሚገባ ሰው ጥቁር ጨርቅ ወገቡ ላይ አስሮ በእግሩ ነው። ዲጎዎች የሚካተቱባቸውን የሚጂኬንዳ ሕዝቦች ቅዱስ ደኖች ዩኔስኮ የመዘገባቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ ሐረር ጀጎል በ2006 ቀድሟቸዋል። እኔ ግን ዝምታውን ነው ይዤ የመጣሁት። ሳምቡሳ በልተን ተመለስን፤ ስሙ እዚያም ሳምቡሳ ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን ይዤ ስለ ኳድ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ መጀመሪያ ሦስት ጎማ ነበር! ሆንዳ በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማሽን እንደ ባጃጅ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ነበረው። አሜሪካ ውስጥ እየተገለበጠ ብዙ ሰው ጎዳ፣ ገደለም፤ ከእነሱ ውስጥ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ሱዙኪ በ1982 ባለ አራት ጎማውን አወጣ። በ1988 ደግሞ አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው አዲስ ባለ ሦስት ጎማ መሸጥ አቆሙ።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት ጓደኛዬን ነው። ከዓመታት በፊት ቁልቁለት ላይ አምስት ሰው ጭኖ ሲታጠፍ ተገለበጠ። የአንዲት እናት እግር ተሰበረ፣ እሱም ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘም። ሁላችንም «ዕድሉ ነው» አልን። ዕድል አልነበረም። ሦስት ጎማ መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ነው የሚሠራው። ፍሬን ይዘን ስንታጠፍ ክብደቱ ወደፊትና ወደ ውጪ ይሄዳል፤ በዚያ ጥግ ደግሞ የሚሸከመው ጎማ የለም። ዘጠኝ ዓመት ስነዳ ይህን አንድም ሰው አልነገረኝም፣ እኔም ለወንድሜ አልነገርኩትም። ባጃጅ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ስንት የድሬ ቤት የሚያድረው በእሷ ነው። ግን ለሁለት ሰዓት ሽርሽር የመጣ እንግዳ ግማሽ ሰዓት መታጠፍ ከተማረ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ የሚጭን ሰው ምን ያህል ሊማር ይገባዋል?

ከተመለስኩ በኋላ እሑድ እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ወንድሜንና ሁለት ጓደኞቹን ከተማችንን ወደሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ወደ ደቻቱ እወስዳቸዋለሁ። አሸዋው ሰፊ ነው፣ ቢገለበጡም እንደ አስፋልት አይጎዳም። መጀመሪያ ወደ ተራራው አያለሁ፤ ደመና ካለ እንቀራለን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ ደረቅ አሸዋ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ ድሬ ውስጥ የሚረሳ የለም። አምስት ቢጫ ጀሪካን ደርድረን በመሐላቸው ይዞራሉ። የኋላ ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ ሦስት ጆንያ አሸዋ እንጭናለን። እኔ ዳር ቆሜ መዳፌን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ አደርጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ሦስተኛው ጀሪካን ላይ ፈጥኖ ደረሰና ኩርባው ውስጥ ፍሬን ያዘ። ባጃጇ ወደ ውጪ አዘነበለች፣ ተመልሳ አረፈች። ሞተሩን አጠፋና ወረደ። አሸዋው ላይ የውስጡ ጎማ መስመር ለአንድ ክንድ ያህል ተቋርጧል፤ ጎማው አየር ላይ የነበረበት ቦታ ነው። ተንበርክኮ በክንዱ ለካው። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ የወደቀውን ጀሪካን አቆመና «እንደገና ልሞክር» አለኝ።