ፍላሽ የበላው ፎቶ

ባለፈው የአክስቴን ልጅ የሰርግ ፎቶ ስገለብጥ ቸኩዬ ፍላሹን መሀል ላይ ነቀልኩት። ወደ 20 የሚሆን ፎቶ ተበላሸ፣ አብዛኛው ጭራሽ አልከፈት አለ፣ አንዱ ግን ተከፈተና ጉድ ሆኖ መጣ። ሙሽራዋ እስከ አንገቷ ደህና ናት፣ ከዛ በታች ቬሎዋ ሮዝ ሆኖ ወደ ቀኝ ተንሸራቷል፣ የሚዜዎቹ እግር አረንጓዴ ሆኖ ከሙሽራው ጎን በቅሏል። አክስቴ ልታለቅስ ደረሰች፣ እኔ ደሞ በሆዴ እንዴት ያምራል እያልኩ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ከዛ ወዲህ ፎቶ ማበላሸት ስራዬ ሆነ። ግሊች አርት ይሉታል። ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ጥሬ ቁጥሮች የሚያሳይ ፕሮግራም ነው) ትከፍቱና መሀሉ ላይ ጥቂት ቁጥር ትቀይራላችሁ። መጀመሪያው አካባቢ ያለውን ከነካችሁ አለቀ፣ የፎቶው መጠንና አፈታቱ እዛ ነው የተጻፈው፣ አይከፈትም (አምስት ስድስት ፎቶ ገድዬ ነው የገባኝ)። ከዛ በታች ግን ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ የሚገርም ጠባይ አለው፣ ፎቶውን በትንንሽ ካሬ ይከፋፍልና የአንዱን ካሬ ዋና ቀለም ለብቻው በመጻፍ ፈንታ ካለፈው በምን ያህል እንደሚለይ ብቻ ይጽፋል፣ ስለዚህ አንዱ ከሳተ ከኋላው ያለው ሁሉ ስህተቱን ተቀብሎ ይሄዳል፣ የሰፈር ወሬ በሉት። ቬሎዋን ሮዝ ያደረገው ይሄው ነው።

ይሄን ስሰራ ቪልስ ትዝ ይለኛል። ፖርቹጋላዊ የግድግዳ አርቲስት ነው፣ ትክክለኛ ስሙ አሌክሳንድር ፋርቶ፣ ከሊዝበን ወንዝ ማዶ ሴይሻል ያደገ። ሌላው ግድግዳ ላይ ቀለም ሲጨምር እሱ በመሮና በድሪል ልስኑን እየቀረፈ ያነሳል፣ የቀረው ልስን ብርሃን ይሆናል፣ የወጣው ጡብ ጥላ፣ ራቅ ብላችሁ ስታዩት አንድ ሽማግሌ አፍጥጦ ያያችኋል። አሲድና በረኪናም ይጠቀማል፣ በፈንጂ የሰራበትም ጊዜ አለ። ልጅ እያለ የሰፈሩ ግድግዳ ላይ የፖርቹጋል የ1974ቱ (በፈረንጅ አቆጣጠር) አብዮት ስዕሎች ነበሩ፣ በላያቸው ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ በማስታወቂያው ላይ ሌላ ማስታወቂያ፣ ያንን ውፍረት እያየ ነው ያደገው። በ2008 የእንግሊዙ የጎዳና ሰዓሊ ባንክሲ ለንደን ባዘጋጀው ፌስቲቫል ላይ ከሰራው ፊት በኋላ ነው ስሙ የወጣው።

ባንክሲን ካነሳን አይቀር፣ በ2018 ለንደን ሶዘቢስ ጨረታ ላይ ስዕሉ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደተሸጠ ፍሬሙ ውስጥ በደበቀው ማሽን መቀደድ ጀምሮ ግማሹ ላይ ቆመ አይደል፣ በ2021 ያው የተቀደደው 18 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ገደማ አወጣ። ጎበዝ ነው፣ ግን ተቀዶ ከስሩ የወጣው ዋጋ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያለው የግሊች ኤፌክትም እንደዛው አይጥመኝም፣ ዋናው ፎቶ ጫፉ ሳይነካ ተቀምጦ ምኑ ተበላሸ?

ለማንኛውም እኔም ግድግዳ ሞከርኩ። የተከራየሁት የጭቃ ቤት ነው፣ ከአልጋዬ ጀርባ እርጥበት ያሳበጠው ቦታ ነበር፣ በቢላ ጫፍ ቀስ እያልኩ ፋቅኩት። ክሬም፣ ከሱ ስር ውሃ ሰማያዊ፣ ከሱ ስር ኖራ፣ ከኖራው ስር ጋዜጣ፣ አዲስ ዘመን። ያውም የጨረታ ማስታወቂያ ገጽ! የሰው ፊት ላወጣ ነበር ሀሳቤ፣ የወጣው ፍየል ነው የሚመስለው።

አከራዬ እትዬ ለሂሳብ ሲመጡ አዩት። "አንተ ልጅ፣ ቤቴን ምን እያረከው ነው?" አርት ነው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉና ጋዜጣውን በጣታቸው ነካ ነካ አረጉት። "ይሄን እኮ ከእማዬ ጋር በዱቄት ሙጫ የለጠፍነው ነው፣ እኔ ነበርኩ ሙጫውን የማማስለው።" ብዙ ቆሙ። ከዛ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀለም ገዝቼ እንድቀባው ነግረውኝ ሄዱ።

እስካሁን አልቀባሁትም።