የመብራት ቁጥር

ከፍራንክፈርት በጠዋቱ ባቡር ተነሳሁ። ቦሁም ደርሼ ዩ 35 የሚባለውን የከተማ ባቡር ይዤ ትንሽ እንደሄድኩ ወረድኩ። ፊት ለፊት 71 ሜትር የሚረዝም አረንጓዴ የብረት ማማ ቆሟል። ድሮ ዶርትሙንድ ውስጥ ጌርማኒያ በሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ ላይ የነበረ ነው። ዛሬ የጀርመን የማዕድን ሙዚየም ምልክት ሆኗል።

እዚያ የጠበቁኝ የሥራ ባልደረባዬ አባት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። "ግሉክ አውፍ!" ብለው እጄን ጨበጡኝ። የማዕድን ሠራተኞች ሰላምታ ነው፤ ይቅናህ፣ በሰላም ውጣ እንደማለት።

ሙዚየሙ ሥር ለጎብኚ የተሠራ 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ አለ። ጥልቀቱ 20 ሜትር ቢሆን ነው። እሳቸው ግን ሲሠሩ የኖሩት አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ወርደው፣ ድንጋዩ ራሱ በሚሞቅበት ቦታ ነው። "እዚያ ክረምት የለም፣ ሁሌ ላብ ነው" አሉኝ። የጀመሩት በ1967 ነው፣ በ15 ዓመታቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔም ቢሆን ሥራው እየሞተ ነበር። ነዳጅ ዘይትና ከውጭ የሚገባው ርካሽ ከሰል ገበያውን ስለወሰዱት ከ1958 ጀምሮ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ይዘጉ ነበር።

የእሳቸው ጉድጓድ ተራ በ80ዎቹ ደረሰ። በመጨረሻው ሳምንት የቢሮ ሰዎች የፈረቃ መዝገብ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ ሁሉ እየሰበሰቡ ወደ ቆሻሻ ሲጥሉ አዩ። ማንንም አላስፈቀዱም፤ ሁለት ካርቶን ሞልተው መኪናቸው ውስጥ ከተቱ። ማታ ቤታቸው ሆነው ሲያገላብጡ የአባታቸውን ስም አገኙ። ቀኑ፣ ፈረቃው፣ የመብራታቸው ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል፤ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቁጥር ያለው መብራት ነበረው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሙያ ተማሩ፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ መዛግብት ተቀጥረው እስከ ጡረታ ሠሩ። እኔን የገረመኝ እዚያ የሠሩት ነገር ነው። ቀን ያልተጻፈበት የሠራተኞች ፎቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት መብራቱን ነው። በእጅ የሚያዝ ከሆነ የቆየ ነው፤ ከራስ ቁር ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ በኋላ የመጣ። የቆዳ ቆብ ነው ያደረጉት ወይስ ጠንካራ ቁር? በፈረቃ መዝገብ ላይ ያሉትን አጫጭር ምልክቶችም ማንም ሳያስረዳቸው ያነቡ ነበር፤ ሃያ ዓመት የኖሩበት ቋንቋ ነዋ! ዲግሪ ያላቸው ባልደረቦቻቸው እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። እንዲህ ያለ እውቀት ከሰውየው ጋር ሳይቀበር ወረቀት ላይ መስፈሩ በጣም ደስ ይላል።

ቦሁምም ውስጥ ቀድሞ ያሰበበት ሰው ነበር። ጉድጓዶቹ በብዛት ሲዘጉ፣ በ1969፣ እዚሁ ሙዚየም ውስጥ የማዕድን ቤተ መዛግብት ተቋቋመ። በጀርመን ለአንድ የኢንዱስትሪ ዘርፍ ብቻ የተቋቋመ የመጀመሪያው ነው። የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ ቦትሮፕ ያለው ፕሮስፐር ሃኒል፣ ታህሳስ 2018 ላይ ሲዘጋ ወረቀቱን የሚያስጠጋ ቤት አስቀድሞ ነበር ማለት ነው።

በሊፍት ማማው ላይ ወጣን። በምሥራቅ በኩል በጣታቸው እያመለከቱ ስለ ቤርግካመን ነገሩኝ። እዚያ የካቲት 1946 በግሪምበርግ ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 405 ሰው ሞቷል፤ በጀርመን የማዕድን ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም። "405 ብለህ አትለፈው፣ እያንዳንዱ የመብራት ቁጥር ነበረው" አሉኝ።

ስንወርድ አንዲት ልጅ በስልኬ ፎቶ አነሳችን። አሳጥቤ እንድልክላቸው ጠየቁኝ፤ ከጀርባው ቀኑን፣ የሁለታችንን ስምና ያነሳችንን ሰው ስም እንድጽፍበትም ነገሩኝ። ስሟን እኮ አልጠየቅናትም! ልጅቷ በሩ ጋ ደርሳለች። እሳቸው ከኪሳቸው እስክሪብቶ እያወጡ ተከተሏት።